ጥያቄና መልስ፦ «ሰብሳቢውን እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው?»

በእንግሊዝ አገር ልጆቻችንን በትምህርት ለመደገፍ የተቋቋሙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በየከተማው አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠናሉ፣ ልጆች በ16 ዓመታቸው ገደማ ለሚወስዱት የጂሲኤስኢ ፈተና ያዘጋጃሉ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ወጣት ሜንቶር ሆኖ አንድ ታዳጊን በቅርብ እንዲከታተልና እንዲመክር ያገናኛሉ። ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከእነዚህ ድርጅቶች ጀርባ ስላሉት ባለአደራዎች፣ ማለትም ትረስቲ ስለምንላቸው ሰዎች ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስለ ሕጉ የምለው እንግሊዝንና ዌልስን የሚመለከት ነው፤ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ተቆጣጣሪ አላቸው።

«ሥራ የለውም፤ ስምሽን ብቻ ነው የምንፈልገው አሉኝ። ሰዎቹን ስለማከብራቸው እምቢ ማለት ከበደኝ።» (ነርስ፣ ከማንቸስተር)

የፈለጉት ስምዎን ብቻ ከሆነ እምቢ ይበሉ። ስሙን ብቻ ያዋሰ ባለአደራ በሕግ ፊት የለም። ስብሰባ የመጣውም የቀረውም እኩል ይጠየቃሉ፤ ስምዎም ማንም ሰው ከፍቶ ሊያየው በሚችለው የተቆጣጣሪው፣ የቻሪቲ ኮሚሽን፣ መዝገብ ላይ ይወጣል።

እሺ ከማለትዎ በፊት ሦስት ወረቀት ይጠይቁ፦ መተዳደሪያ ደንቡን፣ ያለፈውን ዓመት የሒሳብ መግለጫ፣ የቅርብ ጊዜ ስብሰባዎችን ቃለ ጉባኤ። ደንቡ ድርጅቱ በምን መልክ እንደተቋቋመ ይነግርዎታል። ሲአይኦ በሚባለው መልክ ከተመዘገበ ድርጅቱ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ስላለው፣ ዕዳ ቢመጣ በመደበኛው ሁኔታ ወደ እርስዎ ኪስ አይዞርም። ተራ ማኅበር ከሆነ ግን የቤት ኪራይ ውሉን የፈረሙት ባለአደራዎች ራሳቸው በግላቸው ሊጠየቁ ይችላሉ። ብዙ የእኛ ሰዎች ይህን የሚያውቁት ከፈረሙ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ደመወዝ የለውም። የአውቶቡስና የባቡር ወጪ፣ በስብሰባው ሰዓት ልጅ ለሚጠብቅልዎ ሰው የከፈሉትም ጭምር ይተካልዎታል፤ ሥራ ቀርተው ያጡት ደመወዝ ግን አይተካም። ወረቀቶቹን አይተው የልጆቹ ጉዳይ ልብዎን ከነካው ይግቡበት። የልጆችን ደኅንነት በሙያዋ የምታውቅ ነርስ ለእንዲህ ያለ ቦርድ ትልቅ ሀብት ናት።

«ሰብሳቢያችን ድርጅቱን የመሠረቱ፣ ሁላችንም ‹ጋሼ› የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ሁሉንም እሳቸው ይወስናሉ፣ እኛ እናጸድቃለን። ሰብሳቢውን እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው?» (ባለአደራ፣ ከለንደን)

ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ረጅም መልስ የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ቦርዶቻችንን የሚያዳክመው ገንዘብ ማጣት ሳይሆን ይሉኝታ ነው ብዬ አምናለሁ። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም።

ኪድስ ካምፓኒ የሚባለውን ድርጅት ያስታውሱ ይሆናል። ካሚላ ባትማንጌሊጅ በ1996 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ለንደን የመሠረቱት፣ ብዙ ችግረኛ ልጆችን የደገፈ፣ በዘመኑ ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የመንግሥት ገንዘብ ያገኘ ድርጅት ነበር። መሥራቿ አንደበተ ርቱዕ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሮች የሚያዳምጧቸው ሴት ነበሩ። የቦርዱ ሰብሳቢም የቢቢሲው ትልቅ ሰው አለን የንቶብ ነበሩ። ድርጅቱ ግን ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ገንዘብ አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ የመጣው ሁሉ ወዲያው ይወጣ ነበር። ነሐሴ 2015 ላይ፣ 3 ሚሊዮን ፓውንድ የመንግሥት ድጎማ በተቀበለ በቀናት ውስጥ ተዘጋ። ጠዋት በሩ ላይ የደረሱት ልጆች የሚሄዱበት አጡ።

ፍርዱን በሚዛን ማየት ተገቢ ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2021 ባለአደራዎቹ ከኃላፊነት እንዲታገዱ የቀረበውን ክስ ውድቅ አድርጎታል፤ በወቅቱ የተነሣው፣ በልጆች ላይ ጥቃት ተፈጽሟል የሚለው፣ ፖሊስም በኋላ ማስረጃ ያላገኘበት ውንጀላ ባይመጣ ኖሮ ድርጅቱ ሊተርፍ ይችል እንደነበረም ዳኛዋ ገልጸዋል። ቻሪቲ ኮሚሽን ደግሞ በ2022 ባወጣው ሪፖርት የሠራተኛ ደመወዝና ግብር በጊዜው አለመከፈሉን ጠቅሶ የአስተዳደር ጉድለት አግኝቷል። እነዚያ ባለአደራዎች ሌቦች አልነበሩም። መልካም ሰዎች፣ መልካም ሥራ የሚሠራ መሪን ያመኑ ነበሩ። ለእኛም ቦርዶች የሚያሰጋው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጋሼ። ሕጉ ለሰብሳቢ ከሌላው ባለአደራ የበለጠ ሥልጣን አይሰጥም፤ ደንባችሁ ድምፅ እኩል ሲሆን የሰብሳቢው ይደፋል ካላለ በስተቀር አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው። ይህን በጉባኤ ላይ ደንብ ጠቅሰው ቢነግሯቸው ግን ክብራቸው ይነካል፣ እርስዎም ይሸነፋሉ። ከስብሰባው በፊት ስልክ ይደውሉ። «ጋሼ፣ ነገ ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልጠይቅ አስቤያለሁ፣ ቀድሜ ላሳውቅዎት ብዬ ነው» ይበሏቸው። በስብሰባው ላይም ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ቁጥር ይጠይቁ፦ «ዛሬ አዲስ ገቢ ቢቋረጥ ስንት ወር እንቆያለን?» ይህ ጥያቄ ማንንም አይሰድብም፤ መልሱ ግን በግምት አይገኝም፣ ገንዘብ ያዡ የባንክ መግለጫውን ጠረጴዛ ላይ ማምጣት አለበት። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን የሁልጊዜ አጀንዳ ያድርጉት።

ሐሳብዎ ካልተደገፈና ጉዳዩ ከባድ ነው ብለው ካመኑ፣ የተለየ አቋምዎ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ይጠይቁ። አንድ የማኅበረሰብ ድርጅት ቃለ ጉባኤ አሳይተውኝ ነበር። የገንዘብ ጉዳይ በሚለው ርዕስ ሥር የነበረው አንድ መስመር ነው፦ «ስለ ሒሳቡ ማብራሪያ ተሰጥቶ ሁሉም ተስማማ።» ስንት እንደገባ የለም፣ ስንት እንደወጣ የለም፣ ማን ምን እንደጠየቀ የለም። ነገ ጥያቄ ቢነሣ ይህ መስመር ማንንም አያድንም። በቦርድ ስብሰባ ዝምታ ወርቅ አይደለም።

«ልጄ 14 ዓመቱ ነው። የተመደበለት ሜንቶር ሁለት ወር ረድቶት ሥራ አገኘና ቀረ። ልጄ ሁለት አውቶቡስ ይዞ ሄዶ ላይብረሪው በር ላይ የሒሳብ ደብተሩን ይዞ ጠበቀ፤ ማንም አልደወለለትም። ባለአደራዎቹን ልጠይቅ ይገባኛል ወይስ አስተባባሪዋን?» (እናት፣ ከለንደን)

መጀመሪያ አስተባባሪዋን፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካላገኙ ባለአደራዎቹን፣ በጽሑፍ። ድርጅቱ የአቤቱታ አቀራረብ ደንብ ሊኖረው ይገባል፤ እሱን እንዲሰጡዎት ይጠይቁ።

ለባለአደራዎች ደግሞ እዚህ ላይ የምለው አለኝ። ብዙ ቦርድ የሚቆጥረው ስንት ልጅ እንደተመዘገበ ነው፤ ለገንዘብ ሰጪ የሚላከው ሪፖርት ላይ የሚያምረውም እሱ ነው። ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ በተባለው ድርጅት የታቀፉ ታዳጊዎችን አጥንተው በ2002 ያሳተሙት ውጤት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ከሜንቶራቸው ጋር አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩት ልጆች ከሁሉም የበለጠ ተጠቀሙ። ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምትና «በትምህርት እችላለሁ» የሚለው ስሜታቸው ቀነሰ። በሌላ አነጋገር፣ በጅምር የቀረ ድጋፍ ልጁን ሊጎዳው ይችላል። ብዙ ልጆቻችን አባት ባሕር ማዶ የቀረባቸው፣ ከቤት ቤት የተዘዋወሩ፣ ሰው የራቃቸው ናቸው። አንድ ሌላ ትልቅ ሰው ደግሞ ሳይሰናበት ሲጠፋ ምን እንደሚሰማቸው እኛ እናውቃለን።

ስለዚህ ባለአደራዎች በየስብሰባው ይህን ይጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ከተጣመሩት ስንቶቹ ዓመት ሞሉ? ያልሞሉት ለምን? ሜንቶር ሲሄድ ልጁን ማን ይነግረዋል፣ የስንብት ቀን አለ ወይ፣ ተተኪ እስኪገኝ ማን ይይዘዋል? ሜንቶር ሲመለመልም ዓመት ለመቆየት ቃል የማይገባ ሰው በሌላ ሥራ ያግዝ፤ የፈተና ወረቀት ማረም አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ማየት አለ። አርባ ልጅ መዝግቦ ሠላሳውን ከመጣል አሥራ አምስቱን ዓመት ሙሉ መያዝ ይሻላል። ገንዘብ ሰጪ ቁጥር ቢጨምርላችሁ ደስ ይለዋል፤ ለዚያ ብሎ ልጅ መጨመር ግን የባለአደራ ሥራ አይደለም።

እናት ሆይ፣ ልጅዎ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ከድርጅቱ አፍ መስማት አለበት። ይህን ይጠይቁለት፤ መብቱ ነው።

«እኛ የምንተዋወቅ ሰዎች ነን፤ ግማሻችን በአንድ ቤተ ክርስቲያን እናገለግላለን። ለበጎ ፈቃደኛ ሁሉ የፖሊስ ማጣሪያ ለምን ያስፈልጋል?» (አስተባባሪ፣ ከሊድስ)

ያስፈልጋል። መተዋወቅ ማጣሪያ አይደለም፤ ልጅን የሚጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡ የሚያውቀው፣ የሚያምነው ሰው ነው። ከልጆች ጋር አዘውትሮ፣ ያለ ሌላ ሰው ክትትል የሚሠራ ሰው ከፍተኛው ደረጃ የዲቢኤስ ማጣሪያ፣ ማለትም የወንጀል ታሪክ ምርመራ፣ ይደረግለታል። ለበጎ ፈቃደኛ የመንግሥት ክፍያ የለውም፤ ማመልከቻውን የሚያስተላልፍ ድርጅት ብቻ የአገልግሎት ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። በቅርቡ ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ዲቢኤስ ብቻውን ስለማይበቃ የኖረበት አገር ማስረጃና በስልክ የተረጋገጠ የምስክር ቃል ይጨመር። ከባለአደራዎችም አንዱ የልጆችን ደኅንነት ጉዳይ በስም ይያዝ። ዲያቆኑም፣ ሼኩም፣ የሰብሳቢው ወንድምም ያለ ልዩነት ይጣሩ።

«ገንዘብ ያዥ ነኝ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ በክፍያ ብንቀጥራትስ?» (ከበርሚንግሃም)

በእርስዎ እጅ አይሁን። ጥቅሙ ለቤትዎ ስለሚገባ ጉዳዩን ለቦርዱ አስታውቀው ከክፍሉ ይውጡ፣ ድምፅም አይስጡ። ቦታው በይፋ ይውጣ፣ ሌሎች ይወዳደሩ፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ ይጻፍ። ለባለአደራ ወይም ለቅርብ ቤተሰቡ የሚከፈል ክፍያ በደንባችሁ ወይም በሕግ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ አንዳንዱ የኮሚሽኑን ፈቃድ ይፈልጋል። ከመፈረማችሁ በፊት ኮሚሽኑን ጠይቁ። በቼክ ላይ የሚፈርሙት እርስዎ ከሆኑና ደመወዝ የምትቀበለው ባለቤትዎ ከሆነች ደግሞ የገንዘብ ያዥነቱን ቦታ ቢለቁ ነው የምመርጠው።

«እዚህ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ድርጅት ማቋቋም እንፈልጋለን፤ ለንደን ያሉ ጓደኞቻችን ገንዘብ ሊልኩልን ቃል ገብተዋል።» (መምህር፣ ከአዲስ አበባ)

የሚመለከታችሁ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ነው፤ የምትመዘገቡትም በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ለእናንተ የሚስማማው በቦርድ የሚመራው ዓይነት ይመስለኛል፤ በዚህ ዓይነት ቦርዱ የበላይ አካል ነው። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከፕሮጀክቱ ጋር በቀጥታ የማይያያዘው የቢሮና የአስተዳደር ወጪ ነው በዚህ የሚቆጠረው። ስለዚህ ቢሮ ከመከራየታችሁ በፊት አንድ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ክፍል ይሰጣችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

የለንደን ጓደኞቻችሁ በጎ አድራጎት ድርጅት ካላቸው፣ ገንዘቡ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም በምን ላይ እንደዋለ የማሳየት ግዴታው የባለአደራዎቻቸው ነው። ደረሰኝ፣ የተማሪ ስም ዝርዝርና የየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲጠይቋችሁ እንደ ጥርጣሬ አትዩት። የመጀመሪያው ገንዘብ ከመላኩ በፊት በሁለት ገጽ ስምምነት ላይ አስፍሩት።

«17 ዓመቴ ነው። በዚህ ድርጅት ተማሪ ነበርኩ፣ አሁን ትንንሾቹን አስጠናለሁ። ባለአደራ መሆን እችላለሁ ወይስ ይስቁብኛል?» (ከለንደን)

ትችያለሽ። ድርጅቱ ሲአይኦ ወይም ኩባንያ ሆኖ የተመዘገበ ከሆነ 16 ዓመት ይበቃል፤ በሌላ መልክ ከሆነ 18 እስኪሞላሽ ትጠብቂያለሽ። መተዳደሪያ ደንቡ ከዚያ ከፍ ያለ ዕድሜ ይጠይቅ እንደሆነም እዪ። እስከዚያ ድረስ በታዛቢነት ስብሰባ እንድትገቢ መጠየቅ ትችያለሽ።

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሜንቶር ሲቀር ምን እንደሚመስል በራሷ የምታውቀው አንቺ ብቻ ልትሆኚ ትችያለሽ። ለሰብሳቢው አጭር ደብዳቤ ጻፊ፦ ምን እንደተማርሽ፣ ምን ቢስተካከል እንደምትፈልጊ፣ በወር ስንት ሰዓት እንዳለሽ። የፈተና ወር ላይ መቅረት እንዳለብሽም ከወዲሁ ንገሪያቸው።