ሎው ፎድማፕ ሳንድዊች፦ ስለ ስጋው፣ ስለ ዳቦውና ስለ ማጣፈጫው ጥያቄና መልስ

ሎው ፎድማፕ (ፎድማፕን የሚቀንስ) አመጋገብ ለጀመረ ሰው ቶሎ የሚቸግረው ይዞት የሚወጣው ምሳ ነው። ፎድማፕ የምንላቸው ትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጥጣቸው አጫጭር ስኳሮች ናቸው። ውሃ ይስባሉ፤ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ደግሞ ባክቴሪያ ያብላላቸውና ጋዝ ይፈጥራሉ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ሳንድዊች የቀረቡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ስጋ ፎድማፕ የለውም ይባላል። ታዲያ ተቆራርጦ የታሸገ የተርኪ ስጋ ስበላ ሆዴ ለምን ይነፋል?

መልስ፦ ስጋው ራሱ በእርግጥ የለውም። ፎድማፕ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ስጋ ደግሞ ፕሮቲንና ስብ ነው። የሚያስቸግረው የተጨመረበት ነገር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ስጋው ብዙ ጊዜ ጨውና ማጣፈጫ ያለበት ውሃ በመርፌ ይወጋል፣ ወይም እዚያው ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። በውሃው ውስጥ ቀይ ወይም ነጭ ሽንኩርት ካለ፣ ፍሩክታን የተባለው የሽንኩርት ስኳር በውሃ ስለሚሟሟ እስከ ስጋው መሀል ይዘልቃል። ስለዚህ ዳር ዳሩን ቆርጦ መጣልም ሆነ ማጠብ አያድንም።

ጥያቄ፦ ማሸጊያው ላይ የትኞቹን ቃላት ልፈልግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት፣ ዱቄታቸውም ጭምር። ቀጥሎ ማር፣ ከፍተኛ ፍሩክቶስ ያለው የበቆሎ ሽሮፕ፣ ኢኑሊን ወይም የችኮሪ ሥር። ሶርቢቶል (ኢ420)፣ ማኒቶል (ኢ421) እና ዛይሊቶል (ኢ967) ከታዩም ይለፉት። ቋሊማ ከሆነ የስንዴ ፍርፋሪና የወተት ዱቄት ይጨመሩበታልና እነሱንም ይፈልጉ።

አስቸጋሪው «የተፈጥሮ ማጣፈጫ» የሚለው ቃል ነው። በአንዳንድ አገር ደንብ የሽንኩርት ዱቄት በስጋ ምርት ላይ በዚህ ስም ተሸፍኖ መግባት ይችላል። አምራቹን ሲጠይቁ «ለሆድ ይስማማል ወይ?» አይበሉ። «ቀይ ወይም ነጭ ሽንኩርት፣ በዱቄትም ሆነ በጭማቂ መልክ አለበት?» ብለው ነጥቡን ይጠይቁ። ቁርጥ ያለ መልስ ካልመጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያንን ምርት መተው ይሻላል።

በሌላ በኩል ብዙ ሰው በማያስፈራው ይፈራል። ዴክስትሮስ ግሉኮስ ነው። ማልቶዴክስትሪን፣ ጥቂት ተራ ስኳር፣ ፎስፌት፣ ናይትራይትና ካራጊናንም ፎድማፕ አይደሉም። በሌላ ምክንያት ሊተዋቸው ይችላሉ፤ ለዚህ አመጋገብ ሲባል ግን ሥጋቱ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ በማሽን እየቆረጡ የሚሸጡትስ? ማሽኑ ቀድሞ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ሳላሚ ቆርጦ ቢሆንስ?

መልስ፦ ይህ እንደ አለርጂ አይደለም፤ ወሳኙ መጠኑ ነው። ምላጩ ላይ የቀረች ቅሪት ምልክት ለማስነሳት አትበቃም። ይልቅ ሻጩ የትልቁን ሙዳ ማሸጊያ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፣ ዝርዝሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሳላሚና ፔፐሮኒ ጨርሶ ክልክል ናቸው?

መልስ፦ አብዛኞቹ ነጭ ሽንኩርት አለባቸው። ስጋና ጨው ብቻ የሆነ የደረቀ ስጋ፣ ለምሳሌ ፕሮሹቶ፣ ከፎድማፕ ነፃ ነው። ቢሆንም ስብ የበዛበት ምግብ ፎድማፕ ባይኖረውም የአንጀትን እንቅስቃሴ ስለሚነካ፣ አይቢኤስ (ሆድ የሚያሳምምና የሚነፋ የአንጀት መታወክ) ያለበት ሰው በስሱ ተቆርጦ ሁለት ሦስት ቁራጭ ቢበቃው ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ የሚሆን ምርት ካጣሁ ቤት ውስጥ እንዴት ላዘጋጅ?

መልስ፦ እኔ ከሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው። 1 ኪሎ አጥንት የሌለው የተርኪ ወይም የዶሮ ደረት ይግዙ። ጥሬውም ቢሆን የማጣፈጫ ውሃ የተወጋ ሊሆን ስለሚችል ማሸጊያውን ያንብቡ። 10 ግራም ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ፓፕሪካ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቂት ጦስኝና 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቀብተው በፍሪጅ ያሳድሩት። ተደባልቆ የሚሸጥ ቅመም አይጠቀሙ፤ ብዙው ነጭ ሽንኩርት አለበት። በማግስቱ በ165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ይጥበሱትና ቴርሞሜትሩ በወፍራሙ ቦታ መሀል 74 ሲያሳይ ያውጡት። በሰዓት ብቻ የሚጠብሱ ሰዎች ወይ ጥሬ ወይ ደረቅ ይወጣባቸዋል፤ የደረት ውፍረት አንድ ዓይነት አይደለምና።

ትኩሱን አይቁረጡት፤ ይፈራረሳል፣ ጭማቂውም ይፈሳል። ትንሽ ሲበርድ ፍሪጅ ያስገቡትና በደንብ ሲቀዘቅዝ በስለታም ቢላ ከጭረቱ አግድም በስሱ ይቁረጡት። በፍሪጅ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። የቀረውን በየቁራጩ መሀል ወረቀት እያደረጉ፣ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ለየብቻ ጠቅልለው ፍሪዘር ያስገቡት።

ጥያቄ፦ ግሉተን የሌለው ዳቦ ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ግሉተን ፕሮቲን ነው፤ እዚህ የምንሸሸው የስንዴውን ፍሩክታን ነው። በተፈጥሮ እርሾ ረጅም ሰዓት የቦካ የስንዴ ወይም የስፔልት (የጥንት የስንዴ ዓይነት) ዳቦ ላይ ባክቴሪያውና እርሾው አብዛኛውን ፍሩክታን ቀድመው ይበሉታል፤ ስለዚህ ሁለት ቁራጭ ለብዙ ሰው ይስማማል። ዝርዝሩ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና የቦካ እርሾ ብቻ ይሁን። የፋብሪካ እርሾና ኮምጣጤ አብረው ከተጻፉ፣ ዳቦው ጎምዛዛ ጣዕም ተሰጠው እንጂ ረጅም ሰዓት አልቦካም ማለት ሊሆን ይችላል። የስንዴ ዘመድ የሆነው ራይ ፍሩክታኑ ብዙ ስለሆነ ቢቦካም አይመኑት።

ግሉተን የሌለው ዳቦም በኢኑሊን፣ በማር፣ በሽምብራ ዱቄት ወይም በፖም ጭማቂ ይበላሻል። ሴሊያክ (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) ያለበት ሰው ግን የቦካም ቢሆን የስንዴና የስፔልት ዳቦ ፈጽሞ አይበላም።

ጥያቄ፦ ለልጄ ሳንድዊች ቺዝ ልጨምርላት?

መልስ፦ ይጨምሩላት። ቼዳር፣ ስዊስና ፓርሜዛን ላክቶሳቸው (የወተቱ ስኳር) አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወጣል፣ የቀረውንም ባክቴሪያ ይጨርሰዋል። 40 ግራም ያህል ይበቃል። ሪኮታና ኮቴጅ ቺዝ ግን ላክቶስ አላቸው።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርት ከሌለ ምን ጣዕም አለው?

መልስ፦ ፍሩክታን በዘይት አይሟሟም፤ ስለዚህ የነጭ ሽንኩርት ዘይት ይሠራል። ሁለት ፍሬ በትልልቁ ቆርጠው በ100 ሚሊ ሊትር ዘይት በዝግታ ያሙቁና ፍሬውን አንድም ሳይቀር ያውጡ። ፍሪጅ ያኑሩት፣ በ3 ቀን ውስጥ ይጨርሱት። ውጭ ከዋለ ቦቱሊዝም የተባለውን የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል፤ ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት የሌለው ማዮኔዝ ይሆናሉ። ካቻፕና ባርቤኪው ሶስ ይቆዩ። በነጭ ሽንኩርት የተቀመጠ የኪያር ፒክል ውሃው ፍሩክታኑን ስለሚያስገባበት አይሆንም። ከቀይ ሽንኩርት ይልቅ የቅጠል ሽንኩርቱን አረንጓዴ ክፍል ብቻ ይክተፉ። ሰላጣ፣ ኪያርና ካሮትም ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም መርጬ ሠራሁ፣ አሁንም ያመኛል።

መልስ፦ እያንዳንዱ በትንሹ ሲፈቀድ አንድ ላይ ሲደመር ሊበዛ ይችላል፦ ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣ አቮካዶ፣ ብዙ ቲማቲም፣ ከላዩም ፍራፍሬ። ለሦስት ቀን ስጋውን፣ ሰላጣውንና ማጣፈጫውን ሳይቀይሩ ዳቦውን ብቻ በሩዝ ኬክ ይተኩ። ከተሻለዎት ዳቦው ነበር፤ ካልተሻለዎት ዳቦውን መልሰው ስጋውን ይቀይሩ። ጥብቁ ምዕራፍ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ብቻ የሚቆይ ነው። ከዚያ በሥነ ምግብ ባለሙያ እርዳታ የተከለከሉትን አንድ በአንድ እየመለሱ ይሞክራሉ። ክብደት ከቀነሱ፣ ደም ካዩ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለ ግን ሳንድዊቹን መመርመር ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።