ስምንት ቀዛፊ፣ አንድ ጀልባ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ከሀዋሳ ናቸው። ሦስቱም ስለ ጀልባ ቀዘፋ ይጠይቃሉ። ደስ ብሎኝ ዓምዱን በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አሞራ ገደል አካባቢ በጀልባ የምሠራ ልጅ ነኝ። ጠዋት ከዓሣ አጥማጆች ጋር ነኝ፣ ከዚያ በኋላ እንግዳ አዞራለሁ። የፓሪስ ኦሊምፒክ ጊዜ ሩጫ ልናይ ተቀምጠን ስምንት ሰው በአንድ ቀጭን ጀልባ ሲቀዝፍ አየሁ። አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። ይህ ውድድር ከመቼ ጀምሮ አለ? ጎበዞቹስ እነማን ናቸው? እንደኔ በጀልባ እንጀራውን የሚበላ ሰው ገብቶበት ያውቃል?» — ቀዛፊው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። ስፖርቱን የጀመሩት እንዳንተ ያሉ ሰዎች ናቸው። ለንደን ድልድይ ባልነበራት ዘመን፣ አንዱን የቴምስ ወንዝ ድልድይ ካልቆጠርን ማለቴ ነው፣ ሰው ከዳር ዳር የሚሻገረው በጀልባ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ጀልበኞች በዚህ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። በ1715 ቶማስ ዶጌት የሚባል የቴአትር ሰው ሥልጠናቸውን ለጨረሱ ወጣት ጀልበኞች ውድድር አዘጋጀ። ሽልማቱ ካፖርትና ትልቅ የብር ዓርማ ነው። ውድድሩ ዛሬም አለ።

ስምንት ሆኖ መቅዘፍን ያስፋፉት ግን ተማሪዎች ናቸው። በ1829 የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተማሪዎች ሄንሊ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ገጠሙ፤ ኦክስፎርድ አሸነፈ። በ1839 በዚያችው ከተማ ዓመታዊ የቀዘፋ ውድድር ተጀመረ። ስሙ እየገነነ ሲሄድ ግን በሩ እየጠበበ መጣ። በ1879 የወጣው የሄንሊ ደንብ በእጁ ሠርቶ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ከለከለ። መካኒክ፣ የእጅ ባለሙያ፣ የጉልበት ሠራተኛ አይገባም ተባለ። ጀልበኛማ ጭራሽ። ምክንያታቸው «ሲሠራ ጡንቻው ስለሚጠነክር ብልጫ ይኖረዋል» የሚል ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እናደዳለሁ። ሥራ ያጠነከረውን ሰው በጥንካሬው የሚቀጣ ደንብ ነው።

የዚህ ነገር በጣም የታወቀው ሰለባ ጆን ኬሊ ነው። የፊላዴልፊያ ግንበኛ ነበር። በ1920 ሄንሊ ላይ ለመወዳደር አመለከተ፤ ተከለከለ። አንዱ ምክንያት በእጁ ሠርቶ አዳሪ መሆኑ ነበር። በዚያው ዓመት አንትወርፕ ኦሊምፒክ ላይ የእንግሊዙን ጃክ ቤሬስፎርድን ቀድሞ በነጠላ ወርቅ ወሰደ። ወዲያው በዚያው ቀን ከአጎቱ ልጅ ከፖል ኮስቴሎ ጋር በጥንድ ሌላ ወርቅ ጨመረ። በ1936 ደግሞ የአውስትራሊያ ስምንት ቀዛፊዎች ፖሊሶች በመሆናቸው ብቻ ከሄንሊ ተመለሱ። ነገሩ ብዙ አስወራና በ1937 ያ አንቀጽ ከደንቡ ወጣ። ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ ገብቶበታል፣ ተባርሮበታል፣ ተመልሶ ገብቶበታል።

አሁን ወደ ዓለም አቀፉ። የቀዘፋ ፌዴሬሽኑ በ1892 ቶሪኖ፣ ጣሊያን ውስጥ ተቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው የአውሮፓ ሻምፒዮና ኦርታ ሀይቅ ላይ ተካሄደ። በ1896 የአቴንስ ኦሊምፒክ ቀዘፋ ሊኖር ነበር፤ ባሕሩ ተናውጦ ተሰረዘ። በ1900 ፓሪስ፣ ሴን ወንዝ ላይ እውን ሆነ። የስምንቱን ወርቅ ከፊላዴልፊያ የመጣ ክለብ ወሰደ። እንግሊዞች በ1908 እና በ1912 አሸነፉ። ከዚያ በኋላ ከ1920 እስከ 1956 በነበሩት ስምንት ኦሊምፒኮች ሁሉ የስምንቱ ወርቅ የአሜሪካ ሆነ። አንድም ጊዜ አላመለጣቸውም። ቀዛፊዎቹ የየል፣ የካሊፎርኒያና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እንዲሁም የባሕር ኃይል አካዳሚ ዕጩ መኮንኖች ነበሩ።

ከእነዚህ መካከል የ1936ቱ በርሊን ለእኛ የተለየ ትርጉም አለው። ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘችበት ዓመት ነው። ውድድሩ ግሩናው ላይ ሲካሄድ ሂትለር ተቀምጦ ያይ ነበር። ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ልጆች ከመነሻው መስመር ዘግይተው ተነሡ። ፍጥነቱን የሚሰጠው ዶን ሂዩም ታሞ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ጀልባቸው ጣሊያንን በ0.6 ሰከንድ ቀድማ ገባች፤ ጀርመን ሦስተኛ ወጣች። በ1956 ሜልቦርን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ ስትሰለፍ፣ የየል ልጆች የመጀመሪያውን ማጣሪያ ተሸንፈው፣ በሁለተኛው ዕድል ገብተው ወርቁን ወሰዱ።

የአሜሪካኖቹ ዘመን ያበቃው ሮም ላይ ነው፣ በ1960። የሮም ኦሊምፒክ ሲባል እኛ የምናውቀው አበበ ቢቂላን ነው፤ ልክም ነው። ግን አበበ በባዶ እግሩ ከመሮጡ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው አልባኖ ሀይቅ ላይ የጀርመን ስምንት አሸነፈ። አሜሪካ አምስተኛ ሆነች። አሰልጣኙ ካርል አዳም ራሱ ቀዛፊ ሆኖ አያውቅም። በወጣትነቱ ቦክሰኛ ነበር፤ በሙያው ደግሞ የትምህርት ቤት መምህር ነው። ያስተምር የነበረው ራትሰቡርግ በምትባል በሀይቅ በተከበበች ትንሽ ከተማ ነው። እኔም የስፖርት መምህር ስለነበርኩ ከቀዘፋ ታሪክ ይህን ሰው አስበልጬ እወዳለሁ።

አዳም ምን አደረገ? ሯጮች እንዴት እንደሚሠለጥኑ አየ። አንዱን ርቀት በኃይል መሥራት፣ ትንሽ ማረፍ፣ እንደገና መድገም። ያንን ወደ ውሃ አመጣው። የክብደት ሥልጠና ጨመረበት። የመቅዘፊያውን ምላስ ሰፋ፣ አጠር አደረገው። ልጆቹ በደቂቃ ከሌሎች የበለጠ ጊዜ እንዲቀዝፉ አደረገ። በፊት ቀዘፋ በአመዛኙ የአቀማመጥና የአቀዛዘፍ ውበት ጉዳይ ነበር። እሱ ግን በሰዓት ለካው። አንዱን ቀዛፊ ሌላ ቦታ አስቀምጦ ጀልባው ከፈጠነ ፈጥኗል፣ በቃ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልንገርህ። በ1964 ቶኪዮ አሜሪካ መለሰችው፤ የፍጻሜው ውድድር መሽቶ በብርሃን ተተኳሾች ሥር ነበር የተካሄደው። በ1968 ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ ስምንቱን ምዕራብ ጀርመን ወሰደች። በ1972 ሙኒክ ላይ ተራው የኒውዚላንድ ሆነ፤ ልጆቹ የየራሳቸው ሥራ ያላቸው፣ ገንዘብ ከሕዝብ ተሰብስቦላቸው የሄዱ ናቸው። ቀጥሎ ምሥራቅ ጀርመን በ1976 እና በ1980 ተከታትላ አሸነፈች። ከእነሱ ወዲህ የወንዶችን ስምንት ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ አገር የለም። ካናዳ፣ ሆላንድ፣ አሜሪካ፣ ጀርመን፣ ኒውዚላንድ ተፈራርቀውበታል። አንተ ያየኸውን የፓሪሱን የ2024 ወርቅ የወሰደችው እንግሊዝ ናት፤ በ2000 እና በ2016ም አሸንፋለች።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሁለት ነገር አልገባኝም። ቀዛፊዎቹ ለምን ወደሚሄዱበት ጀርባቸውን ይሰጣሉ? አንዱ ደግሞ መቅዘፊያ ሳይዝ ተቀምጦ ይጮሃል። ለምን አያወርዱትም?» — የታቦር ሥር ልጅ

መልስ፦ ልጄ፣ ጥሩ አይተሻል። የመጀመሪያው መልስ እግር ነው። ቀዘፋ የእጅ ስፖርት ይመስላል፤ ትልቁ ጉልበት ግን የሚመጣው ከጭን ነው። ጫማቸው ከጀልባው ጋር ተጣብቋል። መቀመጫቸው በትንንሽ ጎማዎች ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል። ጉልበታቸውን አጥፈው ይጠጋሉ፣ መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ይሰኩታል፣ ከዚያ በእግራቸው ገፍተው ይዘረጋሉ። ፊታቸውን ወደፊት ቢያዞሩ ይህን የእግር ኃይል አያገኙትም። ጀልባው ርዝመቱ 17 ሜትር ግድም ነው፤ ክብደቱ ግን 96 ኪሎ ብቻ መሆን ይችላል። በ2017 የጀርመን ስምንት ፖላንድ ውስጥ 2000 ሜትሩን በ5 ደቂቃ ከ18.68 ሰከንድ ጨርሷል። በሰዓት ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ማራቶንን በ2 ሰዓት የሚጨርስ ሯጭ በሰዓት የሚሄደው 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ዘጠነኛው ሰው ደግሞ መሪው ነው። ከኋላ ጫፍ፣ ፊቱን ወደ ቀዛፊዎቹ አድርጎ ይቀመጣል። በጀልባው ላይ የሚሄዱበትን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። የጀልባውን መዘወሪያ ይይዛል፣ ሌሎቹ ጀልባዎች የት እንደደረሱ ይነግራቸዋል፣ መቼ መጨመር እንዳለባቸው ይወስናል። ክብደት ስለሆነ ቀላል ሰው ነው የሚመረጠው። ትንሹ የተፈቀደው 55 ኪሎ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ማሟያ ክብደት ይጫንበታል።

ይህ ደንብ ያልነበረበትን ጊዜ ልንገርሽ። በ1900 ፓሪስ ላይ ሁለት የሆላንድ ቀዛፊዎች ከነመሪያቸው ተወዳድረው በማጣሪያው ተሸነፉ። መሪያችን ከብዶናል ብለው አስቀሩትና ከአካባቢው አንድ ትንሽ የፈረንሳይ ልጅ ይዘው ፍጻሜው ላይ ቀረቡ። አሸነፉ። ልጁ ከእነሱ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ሄደ። ስሙን የመዘገበ የለም። በኦሊምፒክ ታሪክ በዕድሜ ትንሹ አሸናፊ እሱ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው፣ በ1964 የአሜሪካን ስምንት የመራው ሮበርት ዚሞኒ የ46 ዓመት ሰው ነበር። በ1948 ለትውልድ አገሩ ለሃንጋሪ ነሐስ ያገኘ፣ ከ1956ቱ ሕዝባዊ ዓመፅ በኋላ የተሰደደ ሰው ነው።

ለአንቺ የሚሆን ዜናም አለ። ከ2017 ጀምሮ ሴት የወንዶችን ጀልባ መምራት ትችላለች።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ፣ የ14 ዓመት ልጅ አለኝ። ዋና ይወዳል፤ ሰውነቱ ግን ቀጭን ነው። ቀዘፋ የግዙፎች ብቻ ነው ይሉኛል። ከአፍሪካስ ያሸነፈ አለ?» — አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለ እንጂ። በ2012 ለንደን ላይ አራት ደቡብ አፍሪካውያን፣ ጄምስ ቶምፕሰን፣ ማቲው ብሪተን፣ ጆን ስሚዝና ሲዝዌ ንድሎቩ፣ በቀላል ክብደት አራት ቀዛፊ ወርቅ ወስደዋል። የመጨረሻዎቹ 500 ሜትሮች ሲጀመሩ ከፊት አልነበሩም። እንግሊዝን የቀደሙት በ0.25 ሰከንድ ነው፣ ያውም በእንግሊዞች ውሃ ላይ። ንድሎቩ በቀዘፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ነው። ቀዘፋን የጀመረው ጆሃንስበርግ ውስጥ ተማሪ ሳለ ነው። የደቡብ አፍሪካ ቡድን የሚሠለጥነው ደግሞ ፕሪቶሪያ አጠገብ ባለ ሮደፕላት የሚባል ግድብ ላይ ነው። በሰው እጅ የተጠራቀመ ውሃ ነው። እኛ ደጃችን ላይ ያለውን ሀይቅ ሳይ ይህ ነገር እረፍት ይነሳኛል።

የቀላል ክብደት ውድድር ኦሊምፒክ የገባው በ1996 ነው። በወንዶች ከ72.5 ኪሎ በላይ አይፈቀድም ነበር፤ የቡድኑ አማካይም ከ70 መብለጥ አልነበረበትም። ለቀጫጭኖች የተከፈተ በር ነበር። ግን አራቱ ቀዛፊ ከ2016 በኋላ ቀረ፤ ሁለቱ ቀዛፊም ፓሪስ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተካሂዶ አየርላንድ አሸነፈችበት። ይህን ውሳኔ አልወደድኩትም። ትንንሽ ሰውነት ላላቸው አገሮች የነበረው ዕድል ያ ነበር።

በምትኩ በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ የባሕር ዳርቻ ቀዘፋ ይገባል። ቀዛፊው አሸዋ ላይ ሮጦ ጀልባው ውስጥ ይገባል፣ 250 ሜትር ይቀዝፋል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ዘልሎ ወርዶ እስከ መጨረሻው ይሮጣል። ጀልባዋ ሰፋ ያለችና ማዕበል የምትችል ናት። መሮጥ ለሚችል ልጅ ይህ ከስምንቱ ይልቅ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ።

ልጅዎ 14 ዓመቱ ነው፤ ገና ያድጋል። አሁን በኪሎው አይፍረዱበት። ዋናውን አያቋርጥ፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሩጫ ይጨምርበት። ጀልባ ላይ መውጣት ሲጀምር ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ሀይቁን ንፋስ ያናውጠዋል። ጉማሬ ወደሚወጣበት ዳር አይጠጋ። የቱንም ያህል ጎበዝ ዋናተኛ ቢሆን ያለ ተንሳፋፊ ጃኬት እንዳይሳፈር። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈው ወጣት አሞራ ገደል ነው ያለው፤ አያያዙን የሚያሳየው ሰው ከፈለጉ በደብዳቤ ያሳውቁኝ፤ እሱ ከፈቀደ በዝግጅት ክፍሉ በኩል አገናኛችኋለሁ።