ፈረስህ ፋንድያ ውስጥ ያየኸው ቀይ ትል

የጋሪ ፈረስህ ፋንድያ ውስጥ ቀላ ያለ ወፍራም ትል አይተህ የትል መድኃኒት አልቤንዳዞል ሰጥተኸዋል። ፋንድያውም ላብራቶሪ ታይቶ «ምንም የለውም» ተብለሃል። ፈረሱ ግን እየከሳ ነው። ወንድሜ፣ የጋሪ ፈረስ በማከም ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርህ።

ትሉ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋና ሰውነቱ ዙሪያ እሾህ የተደረደረበት ከሆነ የዝንብ እጭ ነው። ጋስትሮፊለስ ይባላል። ላብራቶሪው አላታለለህም። እዚያ የሚፈለገው የትል እንቁላል ነው፤ እጭ ደግሞ እንቁላል አይጥልም። እንቁላል የምትጥለው ውጭ የምትበረው ዝንብ ናት፣ እሱንም ፈረሱ ፀጉር ላይ። አልቤንዳዞልም ለሌላ ትል ጥሩ ነው፣ ይህን ግን አይነካውም።

አሁን ፈረሱን ፀሐይ ላይ አቁመው። የፊት እግሩን፣ በተለይ የውስጥ በኩሉን፣ ከዚያም ትከሻውን እይ። ፀጉሩ ላይ እንደ ቅጫም የተጣበቀ ቢጫ ነገር ታገኛለህ፤ የዝንቧ እንቁላል ነው፤ በእጅህ ብታሸው አይለቅም። ፈረሱ ሲልሰው በምላሱ ሙቀትና ርጥበት ይፈለፈላል። እጩ ምላሱና ድዱ ውስጥ ሦስት አራት ሳምንት ይቆያል። ከዚያ ጨጓራ ይወርድና በአፉ መንጠቆ ተተክሎ ከ8 እስከ 10 ወር ይኖራል። ሌላ ዓይነት ዝንብ ደግሞ አገጩ ሥር ትጥላለች። ያኛው ሳይላስም ይፈለፈላል፤ ስለዚህ አገጩንም ዳብሰው።

መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው፤ ለፈረስ የተዘጋጀው፣ በአፍ የሚሰጠው ፔስት (እንደ ጥርስ ሳሙና ወፈር ያለ)። መጠኑ በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ነው። ክብደቱን በዓይን አትገምት። የደረቱን ዙሪያ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ርዝመቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት በሴንቲ ሜትር ለካ። ዙሪያውን በራሱ አባዛ፣ በርዝመቱ አባዛ፣ ለ11,900 አካፍል። ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 125 ቢሆን 206 ኪሎ ገደማ ይመጣል።

ለከብት የተሠራውን የአይቨርሜክቲን መርፌ ግን እባክህ እንዳታስወጋው። የተወጋበት ቦታ ያብጣል፣ አንዳንዴም ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽን ያመጣል። ነጭ ጋዝ አጠጣው የሚልህን ሰውም አትስማ። ሳንባው ከገባ አለቀ።

እንቁላሉን በደነዘ ቢላዋ ፋቀው፣ ቦታውንም ሞቅ ባለ ውኃ እጠበው። ጓንት አድርግ፣ ዓይንህን አትሽ፤ አልፎ አልፎ እጩ ሰውም ላይ ይገባል። ፋንድያውን በየቀኑ ጥረግ፣ ምክንያቱም የወጣው እጭ አፈር ገብቶ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ዝንብ ይሆናል። አሜሪካና አውሮፓ ውርጩ ዝንቡን ስለሚጨርስላቸው መድኃኒቱን ከዚያ በኋላ ይሰጣሉ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ እረፍት የለም። ስለዚህ ፀጉሩን ማየት የዘወትር ሥራህ ይሁን። አህያ ወይም በቅሎ አብሮት የሚያድር ከሆነ እነሱም አብረው ይታከሙ።

ክሳቱ ግን ከዚህ ብቻ ላይሆን ይችላል። ብዙ ፈረስ ይህን እጭ ተሸክሞ ምንም ሳይመስል ይሠራል። ስለዚህ ጥርሱንም አስመርምር፤ እያላመጠ ጭዱን ከአፉ የሚጥል ከሆነ ነገሩ እዚያ ነው። መሬት ላይ ከተንከባለለ፣ ጎኑን እየዞረ ካየ ወይም ፋንድያ መጣል ካቆመ ደግሞ ቁርጠት ነው። ያን ጊዜ ጋሪውን ፍታና ዛሬውኑ ሐኪም ጥራ።