ፓይተን ለመጀመር የቱ ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ልትጀምሩ አስባችሁ በኮርስና በመጽሐፍ ብዛት ግራ የተጋባችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ከቴሌግራም ብዙ ፒዲኤፍ አውርጃለሁ። በየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አጥራቸው። ምሳሌዎቹን ገልጠህ ፕሪንት ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ቅንፍ መኖሩን እይ። ከሌለ መጽሐፉ የድሮው ስሪት፣ የፓይተን 2 ነው፤ የእሱ ድጋፍ በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስለተቋረጠ አጥፋው። በአማርኛ ጽሑፍ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። «ሰላም» የሚለውን ቃል ርዝመት ሌን በሚባለው የመቁጠሪያ ትእዛዝ ብትጠይቅ ፓይተን 3 ሦስት ይልሃል። ፓይተን 2 ግን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ የተቀመጠውን ጽሑፍ በፊደል ሳይሆን ባይት በሚባለው ትንሽ የማከማቻ መለኪያ ስለሚቆጥር ዘጠኝ ይልሃል፤ አንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛልና። ከተረፉት መልመጃ ያለውን አንዱን ያዝ፣ ሌላውን እርሳው።

ጥያቄ፦ አንድ ብቻ ምረጥልን ብንልህስ?

መልስ፦ የሃርቫርዱን ሲኤስ50 የፓይተን ኮርስ። ዴቪድ ማላን ነው የሚያስተምረው፣ በነጻ ነው። የምመርጠው ለዩኒቨርሲቲው ስም ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ የቤት ሥራው ነው የሚያስወድደኝ። ኮድህን ስትልክ ማሽኑ ይፈትነውና የት ላይ እንደወደቅክ ይነግርሃል። ቪዲዮ እያየን ሁሉም ነገር ይገባናል፤ ባዶ ገጽ ፊት ስንቀመጥ ነው ጉዱ የሚታየው። ጉድለቱ ትምህርቱ ረጅም መሆኑ ነው፤ ዳታ ይበላል። ዋይፋይ ባለበት ቪዲዮውን አውርዶ ቤት ማየት ይሻላል።

ማንበብ ለሚቀለው ሰው ፊንላንድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ መምህር ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ያስቀመጠው «30 ዴይስ ኦፍ ፓይተን» አለ። በስሙ አትደናገጡ፤ አዘጋጁ ራሱ ከ100 ቀን በላይ ሊፈጅ እንደሚችል ጽፏል።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው የምሠራው፤ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል እህቴ። አንድሮይድ ከሆነ ፓይድሮይድ 3 የሚባለውን የፓይተን መጻፊያ መተግበሪያ ጫኚ፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የሚያሰለቸው በጣት መጻፉ ነው። ርካሽ የብሉቱዝ ኪቦርድ ብትገዢ ከማንኛውም የሚከፈልበት ኮርስ የበለጠ ይጠቅምሻል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። በአማርኛ ብቻ ልማር?

መልስ፦ ሐሳቡን በአማርኛ ተማር፣ ዩቲዩብ ላይ የሚያስረዱ አሉ። ተለዋዋጭ (መረጃ የሚያዝበት ስም) ምንድን ነው፣ ሉፕ (ትእዛዝን መደጋገሚያ) ለምን ያስፈልጋል የሚለው በራስ ቋንቋ ቶሎ ይገባል። እንዲያውም ፓይተን 3 የተለዋዋጭ ስም በፊደላችን ይቀበላል፤ «ዋጋ» ብለህ ሰይመህ መደመር ትችላለህ። የስህተት መልእክቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። እየተደጋገሙ የሚመጡት ጥቂት ቃላት ናቸውና ደብተር ላይ ከነትርጉማቸው ያዛቸው።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲ እያለ ኮርስ ለምን?

መልስ፦ «ይህ ስህተት ለምን መጣ?» ብለህ ጠይቀው። መልመጃውን ሥራልኝ ካልከው የተማረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሰርተፊኬት ሥራ ያስቀጥራል?

መልስ፦ በ2024 እ.ኤ.አ. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረውን የኢትዮጵያ የኦንላይን ኮዲንግ ሥልጠና ማለትህ ነው። ነጻ ነው፣ ውሰደው። ሰርተፊኬቱ ብቻውን ግን አያስቀጥርም፤ ከጎኑ የሠራኸውን የሚያሳይ ነገር ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፓይተን ላስጀምራት?

መልስ፦ ትንሽ ቆዩ። ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተሠራው ስክራች ትጀምር፤ ትእዛዞቹን እንደ ብሎክ እየጎተቱ ማገጣጠም ነው። የቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛም አለ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቼ ነው የጀመርኩት። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 7 ነው፣ አልጫን አለኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ከ3.9 ጀምሮ ያሉት የፓይተን ስሪቶች ዊንዶውስ 7ን አይቀበሉም። 3.8ን ያውርዱ፤ ሲጭኑ ፓዝ የሚል ቃል ያለበትን ሳጥን ምልክት ማድረግ እንዳይረሱ። ለመለማመጃ በቂ ነው። ሲኤስ50ን የሚከታተሉ ከሆነ ሁለተኛው ትምህርት ላይ ማች የሚል ትእዛዝ ይመጣል፤ እሱ በ3.10 የገባ ስለሆነ እርስዎ ጋ ስህተት ይሰጣል። ያንን ክፍል ኢፍና ኤልስ በሚሉት ትእዛዞች ይጻፉት፣ ውጤቱ አንድ ነው።