ክላይም ላይ ሞተር ቢከዳህ እጅህን ሰብስብ

ወንድሜ፣ «የሲሙሌተር (የበረራ ማስመሰያ) ፈተናዬ ደርሷል፤ ክላይም ላይ፣ ማለት ወደ ላይ እየወጣሁ ሳለ፣ ሞተር ሲገድሉብኝ በስንት ሰከንድ ውስጥ ልዝጋው? ፈታኙ ሰዓት ይይዛል ይባላል» ብለህ ጠይቀሃል። ሰዓቱን እርሳው። በቪ ዋን ላይ፣ ማለት በመነሻ ሩጫ ከዚያ በኋላ መቆም በማይቻልበት ፍጥነት ላይ፣ ስለሚከዳ ሞተር አላወራህም፤ እሱን እስኪሰለቸን የለመድነው ነው። ሰው የሚጥለው ፍላፕ (ለመነሻ የሚወጣው የክንፍ ተቀጥላ) ከገባ በኋላ፣ አውቶፓይለት (በራሱ የሚያበረው መሣሪያ) ተይዞ ሰውነት ዘና ሲል የሚመጣው ነው። አንተም እንደኔ ባለ ሁለት ሞተሩ ቦይንግ 737 ላይ ነህ ብዬ ልቀጥል።

1. መጀመሪያ አውሮፕላኑን ያዝ። የኛ አውቶፓይለት በክላይም ላይ ረደር (አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጭራ መሪ) አይነካልህም። አንዱ ሞተር ሲደክም አፍንጫው ወደዚያ ይዞራል፣ አውቶፓይለቱም ክንፉን ለማቃናት መሪውን ወደ ደህናው ሞተር ጎን ያዘነብለዋል። ዓይንህን መሪው ላይ ጣል፤ ባዘነበለበት በኩል በእግርህ ረደር ስጥ፣ መሪው ቀጥ እስኪል ድረስ። ይህን ሳታደርግ አውቶፓይለቱን ከነቀልከው እጅህ ላይ ይገለበጥብሃል። እ.ኤ.አ. በ1985 የቻይና ኤርላይንስ በረራ 006፣ ባለ አራት ሞተር 747 ነው፣ በ41,000 ጫማ አራተኛው ሞተር ሲከዳው ረደር ሳይሰጠው ፍጥነቱ እየወረደ ሄደ። ተገልብጦ ከ10,000 ጫማ በታች ከወረደ በኋላ ነው የተያዘው። ሰው አለመሞቱ ተአምር ነው። ሌላው ደግሞ ቨርቲካል ስፒድ በሚባለው የአውቶፓይለት ምርጫ ላይ ከሆንክ ቶሎ ውጣበት፤ አውቶፓይለቱ የታዘዘውን የመውጣት መጠን ልጠብቅ ሲል ፍጥነትህን ይበላዋል። ሌቭል ቼንጅ የሚባለው ምርጫ ግን ፍጥነትህን ይጠብቅልሃል።

2. ቀጥሎ «የቱ ነው?» ይመጣል፤ እኔ የተቃጠልኩትም እዚህ ጋ ነው። በኔ የሲሙሌተር ፈተና ክላይም ላይ ሳለን ወንበሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ከዚያ ዱም፣ ዱም! ካፒቴን ወንበር ላይ የነበረው ጓደኛዬ ወዲያው እጁን የቀኙ ትሮትል (የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያ) ላይ አሳረፈ። እኔ የማየው ሌላ ነው፦ የግራው ኢጂቲ (የሞተሩ የሚወጣ ጋዝ ሙቀት) ሽቅብ ይወጣል፣ ኤን ዋኑ (የፊት ማራገቢያው የመሽከርከር ፍጥነት) ይዋልላል፣ ቫይብሬሽኑ ጫፍ ደርሷል፤ ቀኙ ግን ጸጥ ብሎ ይሠራል። «ቀኝ፤ ልዝጋ?» አለኝ። «አይደለም፣ ግራ ነው፤ አብረን እንየው» አልኩት። ከኋላችን ፈታኙ እስክሪብቶውን ሰሌዳው ላይ እየመታ «ምን ትጠብቃላችሁ? ሞተሩ ተነቅሎ እስኪወድቅ ነው?» ይላል። ንቅንቅ አላልኩም። ጓደኛዬ እጁን አንሥቶ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አነበበ፤ የግራውን ትሮትል ቀስ አድርጎ ሲስበው ዱምታው ቆመ፣ ሙቀቱም ወረደ። ሰርጅ፣ ማለት ሞተሩ ውስጥ የአየር ፍሰት መዛባት፣ ነበር። መዝጋት እንኳ አላስፈለገንም፤ በአነስተኛ ኃይል እያሠራነው ተመለስን።

አለፍን። ግን ፈታኙ በኔ ወረቀት ላይ «ውሳኔ ላይ ቀርፋፋ» ብሎ ጻፈ! የተሳሳተ ትሮትል በያዘው ላይ አንድም ቃል የለም። አልፈርምም አልኩ። የሥልጠና ክፍሉ ኃላፊ ቀና ብላ ሳታየኝ «አልፈሃል አይደል፣ ሌላ ምን ፈለግክ?» አለችኝ። ማለፌን መች አጣሁት!

ለሷ የነገርኳትን ላንተም ልንገርህ። ጃንዋሪ 8፣ 1989፣ የብሪቲሽ ሚድላንድ በረራ 92፣ ልክ እንዳንተ ጥያቄ ክላይም ላይ ያለ 737-400። 28,000 ጫማን እንዳለፈ የግራው ሞተር የፊት ማራገቢያ (ፋን) ምላጭ ተሰበረ። ንቅጥቅጡና ጭሱ ሲመጣ አብራሪዎቹ ቀኙ ነው አሉ፤ የካቢን አየር በብዛት ከቀኝ ሞተር ይመጣል ብለው ስላሰቡ። የሞተሮቹን ኃይል በራሱ የሚያስተካክለውን አውቶትሮትል ነቅለው ቀኙን ሲስቡት ግራውም ለጊዜው ረጋ አለና «በቃ፣ አገኘነው» አሉ። ደህናውን ዘጉት። ተሳፋሪዎች በመስኮት የግራውን እሳት አይተዋል፤ ካፒቴኑ «ቀኝ» ሲል ሰምተው ማንም ለኮክፒት አልተናገረም። ሊያርፉ ሲቃረቡ ኃይል ሲጠይቁት የተጎዳው ሞተር ጨርሶ ከዳቸው፤ ኬግዎርዝ አጠገብ አውራ ጎዳና ዳር ወደቁ። ከ126 ሰዎች 47ቱ ሞቱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰ አይለቀምም።

ከብዙ ምልልስ በኋላ «ቀርፋፋ» ተሰርዞ «ከመዝጋቱ በፊት አረጋግጧል» ተባለ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ።

እሳት ከሆነስ ትለኝ ይሆናል። በቃል የምንይዛቸውን የእሳት እርምጃዎች ታውቃቸዋለህ፤ ያኔም ቢሆን ትሮትሉን፣ የነዳጅ መዝጊያውን፣ የእሳት እጀታውን አንዱ ይነካል፣ ሌላው አይቶ «ትክክል» ይላል፣ ከዚያ ነው የሚንቀሳቀሰው። የመጀመሪያውን የእሳት ማጥፊያ ጠርሙስ ለቀህ የእሳት ማስጠንቀቂያ መብራቱ ካልጠፋ 30 ሰከንድ ጠብቀህ ሁለተኛውን ልቀቅ።

3. ሲረጋጋ ቼክሊስቱን አንብብ፣ ሜይዴይ በል፣ በአንድ ሞተር ወደ ላይ መግፋቱን ተወው፣ የሚመች ቅርብ አየር ማረፊያ ምረጥ። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ የካቢን ሠራተኞችን ደውለህ «በመስኮት ምን ይታያል? በየትኛው በኩል?» ብለህ ጠይቅ። ሲሙሌተር ውስጥ ፈታኙ ራሱ የካቢን ሠራተኛ ሆኖ ይመልስልሃል፤ መልሱን አዘጋጅቶ የሚጠይቀው አጥቶ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሲያልቅ ደግሞ የጻፈውን ሳታነብ እንዳትፈርም። «ቀርፋፋ» ካለህ የትኛው እርምጃ እንደዘገየ በጽሑፍ እንዲያስቀምጥልህ ጠይቀው።