ጠይቁን፦ በትንሿ ኮምፒዩተር ፕሮግራሚንግ መጀመር

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ፕሮግራሚንግ ካልተማርኩ ብሎ አስቸግሮኛል። ቤታችን ኮምፒዩተር የለም፣ ቴሌቪዥን ግን አለ። ራስበሪ ፓይ የሚባለውን ትንሽ ኮምፒዩተር ብገዛለት ይበቃዋል? የትኛውን ልግዛ? (አንዲት እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 እንግሊዝ አገር ለገበያ ሲቀርብም የታሰበው ልጆች በርካሽ መሣሪያ ኮድ እንዲጽፉበት ነበር። ለልጅዎ ራስበሪ ፓይ 4፣ ባለ 2 ጊጋባይት ራሙ (ራም ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ ሳለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው) ይሆነዋል፤ ኢንተርኔት አብዝቶ የሚከፍት ከሆነ ባለ 4ቱን ይውሰዱ። ቁጥር 5 ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ባለ 5 አምፔር ቻርጀርና ማቀዝቀዣ ስለሚፈልግ ለጀማሪ ትርፍ ወጪ ነው። ዜሮ 2 ደብሊው የሚባለው ትንሹ ዓይነት በዋጋው ያጓጓል፤ ራሙ ግን 512 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ብራውዘር ሲከፈትበት ይንገታገታል።

ሻጩ የሚነግርዎት ዋጋ ብዙ ጊዜ የቦርዱ (የኮምፒዩተሩ ሰሌዳ) ብቻ ነው። ባለ 5 ቮልት 3 አምፔር ታይፕ ሲ ቻርጀር፣ 32 ጊጋባይት ማይክሮ ኤስዲ ሚሞሪ ካርድ፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ እንዲሁም አንድ ጫፉ ማይክሮ ኤችዲኤምአይ የሆነ ኬብል ይጨመርበታል። ሰው የሚሳሳተው በዚህ ኬብል ነው፤ ከሪሲቨሩ ላይ የሚነቅሉት ቦርዱ ላይ አይገባም። ቦርዱ ሁለት የስክሪን መሰኪያ አለው፤ ለቻርጀሩ የሚቀርበውን ይጠቀሙ።

ሚሞሪ ካርዱ ላይ ሲስተሙን (ኮምፒዩተሩን የሚያስነሳውን ዋና ፕሮግራም) ለመጫን አብዛኛውን ጊዜ የሰው ኮምፒዩተር አንድ ጊዜ መዋስ ያስፈልጋል። ራስበሪ ፓይ ኢሜጀር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርደው የቦርዱን ዓይነት፣ ሲስተሙንና ካርዱን ይመርጣሉ፤ ካርዱ ላይ የነበረ ፎቶም ሆነ ሙዚቃ ሁሉ ይጠፋል። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እዚያው ይሙሉ። የቆዩ ቪዲዮዎች «ስሙ ፓይ፣ ይለፍ ቃሉ ራስበሪ» ይላሉ፤ ያ ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ ቀርቷል።

በዚህ ዕድሜው ብሎክ እየገጣጠሙ የሚሠሩበትን ስክራች ዘሎ በቀጥታ ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ቢጀምር ይሻላል። የሚጽፈው ቶኒ በተባለው ፕሮግራም ላይ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ኮምፒዩተሩ ከ1 እስከ 100 አንድ ቁጥር ይዞ ልጁ የሚገምትበትን ጨዋታ ይሥራ። ከ15 መስመር ብዙም አይበልጥም፤ ግን ሁኔታ መፈተሽንም፣ መደጋገምንም፣ ከኪቦርድ መቀበልንም ያስተምራል። ሁለት ቦታ ላይ መደናቀፉ አይቀርም። ፋይሉን «ራንደም» ብሎ ከሰየመው ፓይተን ቁጥር በዘፈቀደ የሚመርጥበትን የራሱን ራንደም ትቶ የልጁን ፋይል ያነብና ይሳሳታል። ከኪቦርድ የገባ ቁጥር ደግሞ እንደ ጽሑፍ ስለሚያዝ 5 እና 3 ሲደመሩ 53 ይሆናሉ፤ መጀመሪያ «ኢንት» በሚለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት።

ጥያቄ፦ ራስበሪ ፓይዬን በስልክ ቻርጀር ነው የምጠቀመው። ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ይመጣል፣ አንዳንዴም ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። መብራት ከጠፋ በኋላ ደግሞ ጭራሽ አልነሳ አለኝ። (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መብረቁ የሚመጣው ቦርዱ ላይ የሚደርሰው ኃይል ከ4.63 ቮልት ሲወርድ ነው። ቻርጀርህ ደካማ ነው፣ ወይም ኬብልህ ረጅምና ቀጭን ሆኖ መንገድ ላይ ቮልቱን ይበላዋል። «ፋስት ቻርጅ» የሚል ጽሑፍ አያታልህ፤ ፍጥነቱ የሚመጣው 9 ወይም 12 ቮልት ሲሰጥ ሲሆን ቦርዱ የሚወስደው 5 ቮልት ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚጎዳው ቦርዱ ሳይሆን ካርዱ ላይ ያለው ሲስተም ነው፤ እየጻፈ ሳለ ስለተቋረጠ ተበላሽቷል። ካርዱ ላይ ሲስተሙን እንደገና ጫን። ወደፊት ከምናሌው አጥፋው፣ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን ስታቆም ንቀል። ኮድህን በየቀኑ ፍላሽ ላይ ገልብጥ። ፓወር ባንክ ልጠቀም ካልክ አስቀድመህ ሞክረው፤ ብዙዎቹ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ለቅጽበት ስለሚያቋርጡ ኮምፒዩተሩን ያስነሱታል።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ በአማርኛ ቃላት የሚጠይቅ ጨዋታ በፓይተን እየጻፍኩ ነው። ምንም ያልጎደለው መስመር ላይ ስህተት ይለኛል፤ ልጆቹ በትክክል የመለሱትንም «ተሳስተሃል» ይላቸዋል። (አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥፋት የኪቦርዱ ነው። የአማርኛው ሁለት ነጥብ (፡) እና የእንግሊዝኛው ኮለን (:) ለዓይን መንትያ ናቸው፤ ለፓይተን ግን ባዕዳን። የስህተቱን የመጨረሻ መስመር ያንብቡ፤ በቅንፍ ውስጥ 1361 የሚል ካለ ሁለት ነጥብ ነው፣ 1363 ከሆነ ነጠላ ሰረዝ (፣)። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ይተኩት። ተለዋዋጮችን (በኮዱ ውስጥ ዋጋ የሚይዙ ስሞችን) ግን በፊደላችን መሰየም ይችላሉ፤ «ዕድሜ = 14» ብለው ቢጽፉ ፓይተን 3 ያለ ቅሬታ ይቀበላል። የግዕዝ ቁጥር ላይ ግን ይቆማል፤ ፭ን በኢንት ወደ ቁጥር ልለውጥ ቢሉ እምቢ ይላል።

ሁለተኛው ችግር የፊደላችን ጠባይ ነው። ልጅዎ «ፀሐይ» ሲል እርስዎ «ጸሀይ» ብለው አስቀምጠው ከሆነ ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። መልሱን ከማወዳደርዎ በፊት «ሪፕሌስ» በሚለው ትእዛዝ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይቀይሩ። አምስት ፊደል በሰባት ቅርጽ 35 መተኪያ ነው። ከዚያም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ይጨምሩ፤ አለዚያ «ዓለም» እና «አለም» አይገናኙም። ልጁ የጻፈውንም፣ እርስዎ ያስቀመጡትንም በዚሁ ያሳልፉ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ ስላለኝ ፒኮ ደብሊው የሚባለውን ርካሹን የራስበሪ ፓይ ቦርድ ገዛሁ። ስሰካው ላፕቶፑ አያየውም። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በቅድሚያ ኬብሉን ቀይሪ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ መረጃ የማያሳልፍ ኬብል በየቤቱ ሞልቷል። ከዚያ ቦርዱ ላይ ያለችውን ነጭ ቁልፍ ተጭነሽ ሳለ ሰኪው። እንደ ፍላሽ ብቅ ሲል የማይክሮፓይተኑን (ለትንንሽ ቦርዶች የተዘጋጀው ፓይተን) ፋይል ገልብጪበት፤ ራሱ ይጠፋና ይነሳል። ፋይሉ የፒኮ ደብሊው መሆኑን አረጋግጪ፣ የተራው ፒኮ ዋይፋዩን አያስነሳም። ቦርዱ ላይ ያለችውን መብራት ለማብራት የተጻፉ ብዙ ኮዶች ፒን 25 ይላሉ፤ ያ ለተራው ፒኮ ነው። ያንቺ ላይ በቁጥሩ ፋንታ «ኤልኢዲ» የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ካፒታል ፊደላት በጥቅስ ውስጥ ጻፊ።

የውጭ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ስትሰኪ ረጅም እግሩን በ330 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን በሚገድብ ቁራጭ) በኩል ከጂፒ 15፣ አጭሩን ከግራውንድ አገናኚ። ጂፒ 15 ማለት ዩኤስቢው ወደ ላይ ሆኖ በግራ በኩል ከላይ ሲቆጠር 20ኛው እግር ነው፣ 15ኛው አይደለም፤ ግራውንዱ ደግሞ 18ኛው። 40ኛው እግር 5 ቮልት ነው፤ የቀሩት መቆጣጠሪያ እግሮች የሚችሉት 3.3 ቮልት ስለሆነ ከ40ኛው ወደ አንዳቸው ሽቦ ከዘረጋሽ ቦርዱ ይቃጠላል።