አራት ቁልፍ ካልተጫኑ የማይታዘዝ ፕሮግራም

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት የመድኃኒት መጋዘን መመዝገቢያ በሊኑክስ ላፕቶፔ ላይ አንድ ቁልፍ ስነካ ወዲያው ይታዘዛል። ልምምድ በወጣሁበት መሥሪያ ቤት የሶላሪስ (ሌላ የዩኒክስ ዓይነት ሥርዓተ ክወና) ሰርቨር ላይ ግን አራት ጊዜ ካልተጫንኩ አይንቀሳቀስም። አለቃዬ «የጀማሪ ሥራ» ብለውታል። የተርሚናል (በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ መስኮት) ፕሮግራምን ትቼ ወደ ድረ ገጽ ሥራ ልግባ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የድረ ገጽ ሥራ ከወደዱት ይግቡበት፤ በዚህ ስህተት ምክንያት ግን መስኩን እንዲለቁ አልመክርዎትም።

ተርሚናል በተለመደው አሠራሩ ኢንተር እስኪጫን ድረስ የተጻፈውን መስመር ይዞ ያቆያል። እርስዎ ይህን አሠራር አጥፍተው፣ ንባቡ ስንት ባይት (አንድ ተራ ቁልፍ አንድ ባይት ይልካል) ሲደርሰው እንደሚመለስ የሚወስነውን ቪሚን የተባለ ዋጋ ግን ሳይሞሉት የቀሩ ይመስለኛል። በተለመደው የፒሲ ሊኑክስ ላይ ቪሚን የራሱ ቦታ ያለውና አብዛኛውን ጊዜ 1 ሆኖ የሚገኝ በመሆኑ ጉድለቱ አይታይም። በሶላሪስ ግን፣ ሲስተም ፋይቭ ከተባለው የቀድሞ ዩኒክስ በወረሰው አደረጃጀት፣ ቪሚን የሚቀመጠው የፋይል ማብቂያ ቁልፍ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው፤ ያም ቁልፍ ኮንትሮል ዲ ሲሆን የቁጥር ኮዱ 4 ነው። ቪሚን ካልተሞላ ያ 4 እንደ ቪሚን ይነበባል፤ አራቱ ቁልፍ የመጣው ከዚህ ነው! የዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች የጋራ መመሪያ የሆነው የፖዚክስ ደረጃ ሁለቱ አንድ ቦታ እንዲጋሩ ስለሚፈቅድ ጥፋቱ የሰርቨሩ አይደለም፤ ቪሚንን 1፣ ቪታይምን (ንባቡ የሚጠብቅበትን የጊዜ ገደብ) 0 ብሎ በግልጽ መሙላት የፕሮግራመሩ ድርሻ ነው።

እኔም ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በዚሁ መስክ ሠርቻለሁና፣ ቀጣሪ ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። «ሲ እችላለሁ» የሚል አመልካች ብዙ ነው፤ ፕሮግራሙ ከሌላ ማሽን ላይ ለምን እንደተበላሸ እስከ ሥሩ ድረስ የሚያስረዳ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከነምክንያቱና ከነማስተካከያው በአንድ ገጽ ጽፈው ከማመልከቻዎ ጋር ያያይዙት።

ከዚያ በፊት ሥራውን ያጠናክሩት። የተርሚናል ስክሪንንና ቁልፎችን የሚያስተዳድረውን ከርስስ የተባለ ላይብረሪ ከተጠቀሙ፣ ተርሚናሉ ሲነሣ በየትኛው ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ዋስትና ስለሌለ ቁልፍን ኢንተር ሳይጠብቅ የሚያደርሰውን ሲብሬክን ራስዎ ይጥሩ፤ ኮንትሮል ሲ ፕሮግራሙን ከማቋረጥ ይልቅ እንደ ተራ ቁልፍ እንዲደርስዎ ሲፈልጉ ብቻ ሮው የተባለውን ሁኔታ ይጠቀሙ። የዊንዶውስ ኮንሶል የራሱ የተለየ አሠራር ስላለው የቁልፍ ንባቡን በአንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ ለይተው ያስቀምጡ። የመድኃኒቱ ስም በአማርኛ የሚገባ ከሆነም እያንዳንዱ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ኮድ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ አንድ ባይት አንብቦ «ፊደል ደረሰኝ» የሚል ፕሮግራም «መ»ን ሦስት ቦታ ይሰባብራታል። ከሁሉም በላይ የተርሚናሉን የቀድሞ ሁኔታ ሲነሡ አስቀምጠው ሲወጡ ይመልሱት፤ አለበለዚያ ከእርስዎ በኋላ የሚቀመጠው ሠራተኛ የሚጽፈው ሁሉ ከስክሪኑ ላይ ላይታየው ይችላል።

ልምምዱ ሳያበቃ አለቃዎን በዚያው ሰርቨር ላይ የአንድ ሰዓት ጊዜ ይጠይቋቸው። የተስተካከለውን ፕሮግራም እሳቸው ራሳቸው አንድ ቁልፍ ተጭነው ይሞክሩት፤ ምክንያቱን ካስረዷቸው በኋላም የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ።